«ከምንም ይሻላል» ለምትሉኝ ሁሉ

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድሮም ጀምረዋል። «ልጃችን ክረምት ላይ ጅማ መጥታ ድሆችን ማገልገል ትፈልጋለች፣ እስቲ አንድ ቦታ ፈልግላት።» ከውጭ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ማስተርጎም ከጀመርኩ ቆየሁ። ያው ጥያቄ ያው ወሬ ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አለው።» ይሄ የጎረቤቶቼ ነው። ለጥቂት ሳምንት የሚመጣው አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከኪሱ ከፍሎ ነው። «ፈረንጆችህ ሥራ ያስገቡን» ማለቱን ተዉት።

«አሮጌ ልብስ ትልቅ እርዳታ ነው።» ገበያ ውጡና ሰልባጁን እዩት። ሞልቷል።

«የሕክምና ተማሪ ስለሆነች ታክማለች።» አገሯ ላይ ያልተፈቀደላት እዚህም አይፈቀድላትም። ጅማ እኮ የራሷን ሐኪም የምታሠለጥን ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት በየቀበሌው ቤት እያንኳኩ የነዋሪውን ችግር ያጠናሉ።

«ሕጻናት ማሳደጊያ ሄዳ ልጆቹን ትቀፍ።» አይሆንም። በብዙ አገር እነዚህ ቤቶች ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። በየወሩ አዲስ አቃፊ መጥታ ስትሄድ ሕጻኑ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው እንምጣ። «ሁለት ሳምንት እንግሊዝኛ ብታስተምርም ከምንም ይሻላል።»

ልጆቹ ምንም የላቸውም ያለው ማን ነው? ልጆቹ መምህር አላቸው፣ መጽሐፍ አላቸው፣ የሚሸፈን ምዕራፍ አላቸው። እንግዳ ሲመጣ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ይለቃል፣ እንግዳ ሲሄድ ያመለጠውን ለማካካስ ይሯሯጣል። ቋንቋውስ? «አማርኛ ትሞክራለች» ትሉኛላችሁ። እዚህ ገጠር ልጁ የሚማረው በኦሮምኛ ነው።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የነሱ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ የኛም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ለእንግዳዋ ሲባል ልጆች ከየቤታቸው ተጠርተው ይመጣሉ። አንዴ ከከተማ ወጣ ያለ ትምህርት ቤት እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እንግዳዋ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ጉልበቷን እየነካች የሰውነት ክፍሎችን በመዝሙር ጀመረች። ልጆቹ እያፈሩ፣ እየተሳሳቱ ተከተሏት። ልጅቷ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ «አምና የመጣችውም ይሄንኑ ነው ያስተማረችን። ግን የምናውቀው አንመስልም፣ ታዝናለች» አለችኝ። ማታ እንግዳዋ «አየህ ቶሎ ሲገባቸው!» አለች። ምን ልበላት?

ታላላቆቻችን ዛሬም የሚያነሷቸው የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት) አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የመጡት ለሁለት ዓመት ነበር። ዓመቱን ሙሉ አስተምረው፣ ፈተና አርመው፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቡና ጠጥተው ነው የሄዱት። ሁለት ሳምንት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ልጃችሁ የምሯን ከሆነ የካቲት ላይ ትምጣ። ኅዳር ቡና ለቀማ ስለሆነ ብዙ ልጅ ከክፍል ይቀራል። ጥቂት ወራት ትቀመጥ። ክፍል ውስጥ ሳትገባ ከሰዓት በኋላ ከመምህራኑ ጋር እንግሊዝኛ ታውራ፣ እነሱ ልምምዱን ይፈልጉታል፣ እሷ ከሄደችም በኋላ እዚሁ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ሒሳብ ትሥራ፣ ግድግዳ ቀቢ እዚህ አልጠፋም። የሕጻን ፎቶም ከማንሳቷ በፊት እናቱን ታስፈቅድ።

ቪዛም አለ። «ቱሪስት ሆና ትግባና ትሠራለች» የምትሉ አላችሁ። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት ነው። ተቀባዩ ድርጅት ስለ ቪዛ ራሱ ካላነሳ እናንተ ጠይቁት፤ ካድበሰበሰ ብር አትላኩለት።