የሕመም ፈቃድ ምንድን ነው? ደመወዙ ሲቆም ሥራው ለምን አይቆምም?

«የሦስት ወር ክፍያዋን ጨርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሠራተኛችን አይደለችም።» ይህን አባባል በዚህ ዓመት ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት የተናገሩት የሰው ሀብት ኃላፊዎች ስለነበሩ ለአሠሪያቸው ወግነው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሦስተኛው ግን ለሠራተኛ መብት እቆማለሁ የሚል፣ ምክሩንም ብዙ ሰው የሚሰማው አስተያየት ሰጪ ነበር። እርሱም «ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ እንደተሰናበተ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የስንብት ክፍያችሁን ቶሎ ጠይቁ» ብሎ ደመደመ። በድሬዳዋ የሥራ ክርክር ጉዳዮችን ለዓመታት የያዝሁ ጠበቃ እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር ከአሠሪዎቹ አባባል የባሰ ጉዳት እንደሚያደርስ አውቃለሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ማለት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ባልመጣ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው ከሥራው ተለይቶ የመቆየት መብቱ ነው። የፈቃዱን ርዝመት አንቀጽ 85፣ ክፍያውን ደግሞ አንቀጽ 86 ይወስናል፤ ሕግ አውጪው ሁለት አንቀጽ የጻፈው ቀለም ስለተረፈው አይደለም። ርዝመቱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል። ክፍያው ግን ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ሲሆን ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ምንም የለም። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው ስድስቱን ወር ሙሉ ቢታመም በጠቅላላው የሚያገኘው 12,000 ብር፣ ማለትም የሁለት ወር ደመወዙን ብቻ ነው። ይህ ያነሰ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ያነሰ ነው ባይ ነኝ። ክፍያው አነሰ ማለት ግን ፈቃዱ አጠረ ማለት አይደለም።

ለስሕተቱ ቃሉ ራሱ ሳያግዝ አልቀረም። «ፈቃድ» ሲባል ብዙ አለቃ የራሱ ፈቃድ ይመስለዋል፤ ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሲሰለቸው የሚያነሣው ችሮታ አድርጎ ያየዋል። በሕጉ አነጋገር ግን ሁኔታው ከተሟላ አሠሪው የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ነገር የለም።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ከባቡሩ ቢማረው ይቀለዋል። በቀድሞው ባቡር ዘመን አንድ ፉርጎ ሲበላሽ ከተርታው ተፈትቶ ወደ ለገሃር ጥገና ክፍል ይገባል። እዚያ እስካለ ድረስ ጭነት ስለማይጭን ገቢ አያመጣም፤ ቁጥሩ ግን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። ባቡሩም እስኪጠገን ቆሞ አይጠብቅም፤ በቦታው ሌላ ፉርጎ ይቀጠላል። አዋጁም በአንቀጽ 10 በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን የፈቀደው ለዚሁ ሲሆን፣ ተተኪው ግን የተጠገነው ሲመለስ «ቦታው የእኔ ሆኗል» ሊል አይችልም። ክፍያ የሌላቸው ሦስቱ ወራት ፉርጎው ጨለማ ሐዲድ ላይ ብቻውን የሚቆምባቸው ናቸው፤ ብረቱን ለቁራሌ መሸጥ ግን አይፈቀድም። እርግጥ ፉርጎ የሐኪም ወረቀት አምጣ አይባልም። ሠራተኛው ግን በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቁ የማይቻል ካልሆነ በቀር በቀረ ማግስት ማሳወቅም ግዴታው ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ታሞም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት እንደቀረ ሊቆጠር ይችላል፤ ችሎት ላይ ያየኋቸው ሽንፈቶች አብዛኞቹ የመጡትም ከዚህ ነው።

አስተያየት ሰጪው «በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አይሰናበትም የሚል አንቀጽ አሳዩኝ» ሊለኝ ይችላል። በዚያ መልክ የተጻፈ ባይሆንም አሠሪ ውል የሚያቋርጠው ሕጉ በሚቀበለው ምክንያት ብቻ ነው፤ መብቱ በሆነ ፈቃድ ላይ መቆየት ከእነዚያ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን አይችልም። ሥራና ክፍያ በየራሳቸው ሰዓት እንደሚሄዱ በግልጽ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የወሊድን ጉዳይ ይመልከት። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ከሥራ እንዳትሰናበት የሚጠብቃት ክልከላ ግን ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ይዘልቃል። ፈቃዱ አልቆ ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላ እንኳ ጥበቃው አንድ ወር ያህል ይቀጥላል ማለት ነው። (ይህም ቢሆን ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ለማይገናኝ ከባድ ጥፋት ጋሻ አይሆንም።)

አቆጣጠሩም ሌላ የተሳሳተ ግምት አለበት፤ ስድስቱ ወር በአንድ ትንፋሽ የሚወሰድ የሚመስለው ብዙ ነው። ሕጉ ግን «በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ» የሚወሰድ እንደሆነ ያስቀምጣል። አዋጁ በወጣበት ሰሞን ከተማችንን ቺኩንጉንያ መትቷት እንደነበር የማያስታውስ የለም። ትኩሳቱ በቀናት ቢለቅም የመገጣጠሚያ ሕመሙ እየተመለሰ ሰውን ለወራት ያሰቃይ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ዛሬ አስር ቀን፣ ከወር በኋላ ሁለት ሳምንት ቢቀር ቀኖቹ ተደምረው ከአንዱ ስድስት ወር ላይ ይቀነሳሉ፤ በየጊዜው አዲስ የሙሉ ደመወዝ ወር አይከፈትለትም። ይህን ደግሞ ሠራተኞች መስማት አይወዱም።

አሠሪዎች መስማት የማይወዱት፣ በማሽን የተቆረጠ ጣት የሕመም ፈቃድ አለመሆኑን ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጊዜያዊ የአካል ጉዳት ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከግማሽ ያላነሰ ነው። ሲደመር ከስምንት ወር ደመወዝ ያልፋል። ጉዳቱ በመዝገብ ላይ «ሕመም» ተብሎ ሲሰፍር ሠራተኛው ከስድስት ወር ደመወዝ በላይ ያጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ሳያዩ መፈረም አይገባም።

ስድስቱ ወር ካለቀ በኋላ ስላለው ነገር የምለው ጥቂት ነው። ሠራተኛው በጤናው ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት እንደማይችል ከተረጋገጠ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደር ከላይ ያሉት ቁጥሮች አይመለከቱትም፤ የኅብረት ስምምነት ያለው ፋብሪካም ከእነዚህ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል።

ወደ አስተያየት ሰጪው ምክር ልመለስና፣ ባለፈው ዓመት አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ወደ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ማስረጃዋንም በወጉ አስገብታ ሳለ፣ በአራተኛው ወር ደመወዟ ሲቋረጥ «ተሰናብተሻል» ያሏትን ሰዎች አምና የስንብት ክፍያ የሚጠይቅ ማመልከቻ በእጇ ጽፋ ሰጠች። ድርጅቱም ማመልከቻውን በደስታ ተቀብሎ በዚያው ሳምንት የሥራ ውሏ መቋረጡን በደብዳቤ አሳወቃት። አዋጁ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ደብዳቤውን ተቀብዬ ቀኑን ስቆጥር ሦስት ወሩ ካለፈ 26 ቀን ሆኖት ነበር።