ዳክስሁንድ፦ ለጉድጓድ የተሠራ ውሻ

በጀርመንኛ «ዳክስ» ማለት ባጀር ነው። ባጀር በአውሮፓ ጫካ ውስጥ መሬት ምሶ የሚኖር፣ ሲነኩት ክፉኛ የሚናከስ አውሬ ነው። «ሁንት» ደግሞ ውሻ። ዳክስሁንድ እንግዲህ የባጀር ውሻ መሆኑ ነው። ጀርመኖች ራሳቸው ግን በዚህ ስም እምብዛም አይጠሩትም። ቤት ውስጥ «ዳክል»፣ በአዳኞች አፍ «ቴክል» ነው።

ላየው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሳቅ ነው። እግሩ ስንዝር የማይሞላ፣ ጀርባው እንደ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የቋሊማ ውሻ» ይሉታል። አዳኞቹ ግን ሲያዳቅሉት ቁም ነገር ይዘው ነበር፤ ባጀሩን ተከትሎ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ውሻ ፈልገው። እግሩ ያጠረው ለዚህ ነው። የፊት መዳፉ ለመማስ እንዲመች ሰፊ ነው። ድምፁም ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ከመሬት በታች ሲጮህ ከላይ ላለው ጌታው መሰማት ነበረበት።

የጀርመኑ ቴክል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1888 ተመሠረተ። እዚያ የውሻው መጠን የሚወሰነው በደረቱ ዙሪያ ልክ ነው። ጥያቄው «ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል ወይ?» ስለሆነ፣ ነገሩ ያስኬዳል። ትንሹ ለጥንቸል ጉድጓድ የሚሆነው ነው። አሜሪካኖች በክብደት ይለዩታል፤ ትልቁ ከ7 እስከ 14 ኪሎ ገደማ፣ ትንሹ ከ5 ኪሎ በታች። ፀጉሩ አጭርና ለስላሳ፣ ረጅም ወይም ሻካራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ምልክት የሆነው «ቫልዲ» ዳክስሁንድ ነበር፤ የማራቶኑን መንገድ ሳይቀር በእሱ ቅርጽ ነድፈውት ነበር።

አሁን ወደ ወገቡ እንምጣ፤ ዳክስሁንድ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰጋው ለሱ ነው። እግሩን ያሳጠረው ኤፍ.ጂ.ኤፍ.4 የተባለ ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ነው። የዚሁ ዘረ መል ሌላ ትርፍ ቅጂ ደግሞ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉትን ዲስኮች ያለ ዕድሜያቸው ያደርቃል። እንደ ጄሊ መለስለስ የነበረበት ዲስክ በቡችላነት መጠንከር ይጀምራል። ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳና ኅብለ ሰረሰሩን ይጫናል። በሰው ቋንቋ የዲስክ መንሸራተት የምንለው ነው። ከአራት ዳክስሁንዶች አንዱን ገደማ ያገኘዋል፤ በብዛት ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ።

አጀማመሩ ድምፅ የለውም። ትናንት ሶፋው ላይ ዘሎ ይወጣ የነበረ ውሻ ዛሬ ሥሩ ቆሞ ያያችኋል። ጀርባው ጎበጥ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቅ ብሏል። ስታነሱት ይጮኻል። ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ እንደ ሰካራም ይጠላለፋሉ፤ ሲብስ ይጎተታሉ። የእግር ጣቱን አጥብቀው ቆንጥጠውት ምንም ካልተሰማው፣ ቀዶ ጥገናው በሰዓታት ውስጥ መደረግ ያለበት ጉዳይ ነው። ቀለል ሲል ሐኪሙ መድኃኒትና ለሳምንታት የሚቆይ የሣጥን ዕረፍት፣ ማለትም ጠባብ የውሻ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ መቆየትን፣ ያዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግሰው ውሻው የዳነ ይመስላል፣ ባለቤቱ አንጀቱ ይራራና በሩን ይከፍታል። የሰው ማስታገሻ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ ኢቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል ሊገድለው ይችላል።

አነሳሱም ወግ አለው። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር፣ ጀርባው ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ። እንደ ሕፃን በብብቱ ይዞ ብድግ ማድረግ ወገቡን ያንጠለጥለዋል። ከሶፋው ጫፍ ምንጣፍ የተለበጠ ጣውላ ማጋደም ከዝላይ ያድነዋል። ሲወጣ አንገቱ ላይ ከሚታሰር ማሰሪያ ደረቱን የሚያቅፍ ይሻለዋል፤ የአንገቱም ዲስክ አይታመንም።

ውፍረት ለዚህ ወገብ ጠላቱ ነው፣ ውሻው ደግሞ ሆዳም ነው። በውጭ አገር ዳክስሁንድ የሚያሳድግ የሀበሻ ቤት ካለ፣ የወጥ ትራፊ ይቅርበት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ዘቢብም መርዙ ነው። ቡችላ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁለት ዥጉርጉር ወላጆች ከተወለደው ይራቅ፤ አንዳንዶቹ ዕውርና ደንቆሮ ሆነው ይወለዳሉ።

ጠባዩ? ግትር። ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን እንዲወስን የተዳቀለ ውሻ ትእዛዝ ቢሰማም ያመዛዝነዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ባለቤቶችን የጠየቀ የአሜሪካ ጥናት ቺዋዋ የተባለውን ትንሽ ውሻና ዳክስሁንድን ሰውም ውሻም ላይ ከአማካይ በላይ ቁጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። ትንሽ ስለሆነ ሰው ይስቅበታል እንጂ ጥርሱ ጥርስ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አልወጣም ብሎ ደጃፍ ላይ ይተከላል፤ እርጥቡ ሣር ሆዱን ስለሚነካው ይመስለኛል። ለቤተሰቡ ግን ሟች ነው፣ ብቻውን ሲተውት ያለቅሳል። ደህና ከተያዘ ከ12 እስከ 16 ዓመት ይኖራል።

ቤት ውስጥ የሚምሰው መሬት ሲያጣ ብርድ ልብስ ይምሳል። በአፍንጫው ገልጦ ይገባና እስከ መጨረሻው ይሰወራል። ሶፋው ላይ የተከመረ ልብስ ካያችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት በእጅ ዳበስ አድርጉት።