የጡት ወተት መረጋጋት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ ሬዲዮው ላይ አንዲት ተናጋሪ ስለ ጡት ወተት ታስረዳለች። «ሦስት ወር ሲሞላ የብዙ እናቶች ወተት መንጠፍ ይጀምራል። ልጅ ሲያድግ ፍላጎቱም አብሮ ስለሚያድግ የምታልቡትን በየወሩ ጨምሩ» አለች። ረዳቱ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀላት። እኔ ግን ንድድ አለኝ። ባንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት! እንዲህ ያለውን ምክር የሰሙ እናቶች ለ10ኛው ወይም ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ሲመጡ እንባቸው እየመጣ «ሲስተር፣ ወተቴ ነጠፈ» ይሉኛል። የልጃቸውን ካርድ ሳየው ክብደቱ በደንብ ጨምሯል።

አልነጠፈም፤ ተረጋግቷል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወተትን በዋናነት የሚያዘው ሆርሞን ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ የእርግዝናው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ወተት የሚያስመርተው ፕሮላክቲን ሥራውን ይጀምራል፣ ጡት ማንም ሳይጠይቀው ያመርታል። ግትር የሚለውም፣ ቀሚስ የሚያበሰብሰውም ለዚህ ነው። ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ትእዛዙ ቀስ በቀስ ወደ ጡቱ ራሱ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የወጣው ያህል ይተካል። ሳይወጣ የተቀመጠው ወተት ደግሞ «በቃ፣ አትጨምር» የሚል ምልክት ይሰጣል።

ሰፈር ውስጥ አዲስ የተከፈተ ሱቅ አስቡ። ባለሱቁ ደንበኞቹን ገና ስላላወቀ በየጠዋቱ ዳቦ ከልክ በላይ ያስመጣል። መደርደሪያው ጢም ይላል፣ ግማሹ ያድራል። ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ማን ስንት እንደሚገዛ ይለያል። ያደረ ዳቦ ካየ ለነገ ይቀንሳል። ገና ሁለት ሰዓት ላይ ካለቀበት ይጨምራል። መደርደሪያው እንደ ድሮው አይሞላም፤ ሱቁ ግን አልከሰረም። የላላ ጡትም እንዲሁ ነው። መንጠባጠቡ መቆሙ፣ ጠዋት ጡት ድንጋይ አለመሆኑ፣ ሒሳቡ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ምሳሌውን ካነሳሁት አይቀር ትንሽ ልለጥጠው። መደርደሪያው ሰፊ የሆነ ሱቅ ጠዋት አንዴ አስመጥቶ ይውላል። ጠባብ የሆነው በቀን ሦስት አራቴ ማስመጣት አለበት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለቱም እኩል ሸጠው ሊሆን ይችላል። ጡትም በአንድ ጊዜ የሚይዘው ይለያያል። አንዷ እናት በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ታልባለች፣ ሌላዋ 60፤ የሁለቱም ልጆች ጠግበው ያድራሉ። (ይህ ከጡት ትልቅነት ጋር አይገናኝም። ውጪውን አይቶ መፍረድ አይቻልም።) ስለዚህ «በአራት ወር አራት ጊዜ፣ በአምስት ወር ሦስት ጊዜ ማለብ» የሚለው ሰንጠረዥ ለባለሰፊው መደርደሪያ ይሠራ ይሆናል። ባለጠባቡ ግን በዚያ ከሄደች ወተቷ በየቀኑ ተከማችቶ «በቃ» ይላል። ያኔ በእርግጥም ይቀንሳል። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታም አለው፦ ዳቦ ካለቀ አለቀ፤ ጡት ግን ጭራሽ ባዶ አይሆንም፣ ልጁ እየጠባም ይመረታል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ልጅ ስላደገ ወተቱ በየወሩ ይጨምር የሚባለው ከየት መጣ? ከዱቄት ወተት ጣሳ ይመስለኛል። ጣሳው ላይ በየወሩ ወደ ላይ የሚወጣ ሰንጠረዥ አለ። የጡት ወተት ግን እንደዚያ አይደለም። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር ድረስ በቀን የሚወስደው በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ በእድሜ ግን ብዙም አይለወጥም። ምክንያቱም ልጁ ቢገዝፍም የእድገቱ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። የአምስት ወሩ ልጅ የሁለት ወሩን ያህል ወተት ጠጥቶ ይበቃዋል።

ይህ ለሠራተኛ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እናት ቢሮ የምትመለሰው ወተቷ ገና በተረጋጋ ማግስት ነው ማለት ነው። ጡቷ ላላ፣ ሥራ ጀመረች፣ የማለቢያ ፓምፑ ትንሽ ሰጠ፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ማንም ይደነግጣል። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። 750ን ለ24 ሰዓት ብናካፍል በሰዓት 30 ገደማ ይመጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትገባ እናት ለአሥሩ ሰዓት 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ትታ ብትሄድ ይበቃል። ፍሪዘር የሚሞላ ክምችት አያስፈልግም። አብዝቶ ማለብ ደግሞ ለጡቱ የሐሰት ትእዛዝ መስጠት ነው፤ መጨረሻው ማበጥና መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ፓምፑ ትንሽ ሲሰጥ ከጡቱ በፊት ፓምፑን መርምሩ። ካዛንቺስ የምትሠራ አንዲት እናት የቢሮው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በድሮ ፋይሎች መሀል ተቀምጣ ታልባለች። «ከ100 ወደ 40 ወረድኩ፣ አብሽ ጠጣሁ፣ አጥሚት ጠጣሁ፣ ምንም» አለችኝ። ፓምፑን ከቦርሳዋ አስወጣኋት። ከታች ያለችውን ትንሽ ነጭ የላስቲክ ቫልቭ ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋት። አፏ ግጥም ማለት ሲገባው ፈጠጥ ብሎ ቀርቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል። አየር በዚያ ይገባል፣ መሳቡ ይደክማል። እዚያው በእጇ ስታልብ ወተቱ ሦስት አራት መስመር ሆኖ ተረጨ። ቫልቭ ያልቃል። መለዋወጫው እንደልብ ስለማይገኝ ገና ፓምፑ ሲገዛ ትርፍ መያዝ ነው። (አብሽን በተመለከተ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪም ሳታማክሩ አታብዙ።)

እንግዲህ የማለቢያው ፕሮግራም መቼ ይቀየር? አንዷን የማለቢያ ሰዓት አትዩ፣ የቀኑን ድምር እዩ። አንድ ሰዓት ስትዘሉ ቀጣዩ ስለሚበዛ የተናጠሉ ቁጥር ያታልላል። በየሦስት ሰዓቱ ስታልቡ ቆይታችሁ አንዷን መቀነስ ከፈለጋችሁ ትንሽ የምትሰጠዋን ምረጡ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ድምሩ ካልወረደ መደርደሪያችሁ ችሏል። ከወረደ መልሷት። ሌሊቱን ግን ቶሎ አትሰርዙ፤ ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ይላል።

የምለው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ለተወለደ፣ ቤት ሲሆን ለሚጠባ አንድ ልጅ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ፣ ለመንታ፣ ወይም በፓምፕ ብቻ ለምትመግብ እናት ሒሳቡ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ማለብ ይጠበቃል። እውነተኛ መቀነስም አለ። የታይሮይድ ችግር፣ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ አዲስ እርግዝና፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ወተት ሊቀንሱ ይችላሉ። የልጁ ክብደት ካልጨመረ ወይም በቀን ስድስት ያህል ዳይፐር ካላረጠበ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የታለበው የት ይቀመጥ ለምትሉ፣ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ደግ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ግን ክፍል አይደለም።

ስድስት ወር ሲሞላ ምግብ ይጀመራል፤ የቢሮው ማለብ በእርግጥ መቀነስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቀስ ብሎ ግን። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ልጁ ከምግብ የሚፈልገው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረውን ወተቱ ይሸፍናል። «ገንፎ ጀመረ» ብሎ ፓምፑን ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት አይሆንም። በቀን ሦስቴ ታልብ የነበረች ወደ ሁለት፣ ልጁ በደንብ መብላት ሲይዝ ወደ አንድ ትወርዳለች። ዓመት ካለፈው በኋላ ብዙዎች ቢሮ ማለብ አቁመው ጠዋትና ማታ ያጠባሉ፤ ጡቱ ያንንም ይለምዳል፣ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። በመቀነሱ ሂደት ጡት ላይ የሚያም እብጠት ከወጣ ዕረፍት እስኪሰማችሁ ድረስ ብቻ አልቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ትኩሳት ካላችሁ ወይም እብጠቱ በአንድ በሁለት ቀን ካልተሻለው ግን ሐኪም ይየው።