በመንግሥት ቅርስ ቤት ላይ ዕርቅና የግልግል ዳኝነት በምን ይለያያሉ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በቅርስነት የተመዘገበ የመንግሥት ቤት የተከራየ ሰው ጣሪያው በማፍሰሱ ከአከራዩ መሥሪያ ቤት ጋር አልተግባባም እንበል። ብዙዎች «በሽማግሌ እንጨርሰው» ሲሉ ዕርቅንና የግልግል ዳኝነትን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሆኖም በዕርቅ የሚወስኑት ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ በግልግል ዳኝነት ግን እነሱ የመረጡት ዳኛ አስገዳጅ ውሳኔ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳዮችን፣ እንዲሁም በሕግ ካልተፈቀደ በቀር የአስተዳደር ውልን (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ አገልግሎት የሚገባውን ውል) ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡት መካከል ስለሚዘረዝር፣ የይዞታው ባለመብት ማን እንደሆነ በዚህ መንገድ ማስወሰን አይቻልም።

የጥገናውን ወጪ ማን ይሸፍን፣ ነዋሪው እስከዚያው የት ይቆይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን በዕርቅ ንግግር ሊቋጩ ይችላሉ፤ በእኔ እምነት መጀመር ያለበትም ከእነዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ ለመስማማት ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ደብዳቤ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ወገኖች ቢስማሙም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት ስላለበት፣ ሥራው ከፈቃዱ በኋላ እንደሚጀመር በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።