ነርቭ እንዲያድግ የሚረዳ ፔፕታይድ ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የመኪና አደጋ አከርካሪን ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ከጣሪያ የወደቀ አናጺም፣ ባጃጅ የተገለበጠበት ወጣትም አለ። እግሩ አልታዘዝ ሲለው ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ነርቩን የሚመልስ መድኃኒት የለም ወይ?» ገና የለም። ተስፋ ከተጣለባቸው አንዱ ግን ፔፕታይድ ነው።

ፔፕታይድ የአሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች፣ አጭር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ራሱ 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። ቢዋጥ ሆድ ውስጥ እንደ ምግብ ይፈጫል፤ ስለዚህ በመርፌ ይሰጣል።

የእጅ ነርቭ ቢቆረጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊያድግ ይችላል። አከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰር፣ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ጉዳቱ እንዳይሰፋ ይጠቅማል፤ ክፋቱ፣ ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ይከማቹበታል። የነርቩ ጫፍ ላይ እነሱን የሚለይ ተቀባይ አለ። ጫፉ ሲደርስባቸው፣ ክረምት ማጥ ውስጥ እንደተቀረቀረ እግር ተይዞ ይቀራል። አልሞተም፤ መሄድ ነው ያቃተው።

አሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ጄሪ ሲልቨርና ባልደረቦቹ ያነጣጠሩት እዚያ ተቀባይ ላይ ነው። ሴል ውስጥ ገብቶ ተቀባዩን ሥራ የሚያስፈታ ፔፕታይድ ሠሩ። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦችን በየቀኑ ከቆዳ ሥር ለ7 ሳምንት ወጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ እንደታተመው፣ ከ26ቱ 21ዱ ወይ እንቅስቃሴ ወይ ሽንት የመሽናት አቅም አገኙ፤ ሁለቱም የተመለሰላቸው ነበሩ። ሽንቱን ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ፣ ታማሚ ያስታመመ ሰው ይጠይቅ።

ሌላም መንገድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ያለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳሙኤል ስታፕ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ነርቭን «እደግ» የሚል ምልክት የተሸከሙ ፔፕታይዶችን ጉዳቱ ቦታ ላይ አንዴ ወጋ። ሽባ የነበሩት አይጦች በ4 ሳምንት ውስጥ ተራመዱ።

አይጥና ሰው ግን ለየቅል ናቸው። ከሲልቨር ሥራ የተገኘው ኤንቪጂ-291 የተባለ የሙከራ መድኃኒት አንገታቸው ላይ ከተጎዱ ከ1 እስከ 10 ዓመት በሆናቸው 20 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተነገረ። ወደ እጅ ጡንቻ የሚሄደው የነርቭ ምልክት ጨመረ። ወደ እግር ጡንቻ የሚሄደው ምልክት ልኬት ግን የታሰበውን አላሳየም። ሙከራው ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱም ገና ፋርማሲ አልገባም። «አለኝ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት።

እኔን ያስደሰተኝ ግን ሰዎቹ ከተጎዱ ዓመታት ያለፋቸው መሆናቸው ነው። ዛሬ አልጋ ላይ ያለ ወንድማችን ጊዜው አልፎበታል ማለት አይቻልም፤ እስኪደርስለት ገላው ደህና ሆኖ መቆየት አለበት። ስለዚህ አደራ፣ የወደቀን ሰው «ወጌሻ ትንሽ ቢያሸውስ» ብላችሁ አታስጎትቱት፤ አንገቱና ወገቡ ሳይጣመም በጠፍጣፋ ጣውላ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ቤት ከተመለሰም በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፤ ተረከዙንና መቀመጫውን በየቀኑ እዩለት፤ ቆዳው ከቀላና ቅላቱ አልጠፋ ካለ በዚያ ጎን አታስተኙት። ካቴተሩን (ሽንት የሚያወጣውን ቱቦ) ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሽንቱ ከደፈረሰና ትኩሳት ከመጣ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።