ነጭ ሁሉ ዝናብ አይደለም

ሱሉልታ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪዎች የሳተላይትና የራዳር ምስል አይቶ የአየር ሁኔታ መተንበይ አስተምራለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ከቤት ይዘዋቸው የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ምስሉ ላይ ነጭ ከሆነ ይዘንባል»

ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለፈው ኅዳር አንዷ ተማሪዬ ሱሉልታን የሸፈነ ነጭ ነገር ምስሉ ላይ አየች። እየሮጠች ሄዳ እናቷ ያሰጡትን ገብስ አስገባች። አንድም ጠብታ አልወረደም። ያየችው የኢንፍራሬድ ምስል ነበር። እሱ የሚያሳየው የዳመናው አናት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ነው። ቀዝቃዛው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ ላባ የመሰለ ስስ ዳመናም በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ዝናብ ግን የለውም። በፀሐይ ብርሃን የሚነሳውን ምስል ጎን ለጎን ብታየው ኖሮ ስስነቱ ይገባት ነበር። አሁን ሁለቱን ሳያዩ እንዲተነብዩ አልፈቅድም። ከዚያ ውጭ ወጥተው ሰማዩንም ቀና ብለው ያያሉ።

«የምናየው ከራሳችን ሳተላይት ነው»

አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ኢቲአርኤስኤስ-1 የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት። የተሠራችው ምድርን በቅርብ እየዞረች እንድታልፍ እንጂ አንድ አካባቢ ላይ እንድትቆይ አይደለም። እኛ የምንጠቀመው የአውሮፓዎቹን ሜቲዮሳት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር አፍሪካን ሁሌም ያያል። ምስሉም እንደ ሳተላይቱ ዓይነት በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ይታደሳል።

«ራዳር የሚያመልጠው ነገር የለም»

ራዳር ሞገድ ይልካል፤ ከዝናብ ጠብታ ነጥሮ የሚመለሰውን ይለካል። መሬት ክብ ስለሆነች ሞገዱ በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ከሥሩ ያለውን አያይም። ተራራም ይጋርደዋል። ልጆቹን ወደ እንጦጦ አዙሬ «ራዳሩ ከዚያ ማዶ፣ ከተማው ውስጥ ቢተከል እኛ እንታየዋለን?» ስላቸው ወዲያው ገባቸው።

«ዳመናው ወዴት እንደሚሄድ ካወቅን አለቀ»

እኔ ራሴ መጀመሪያ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ላፕቶፑ ላይ ስስ ላስቲክ እንለጥፋለን፤ በየምስሉ የዳመናውን ጠርዝ በማርከር እናሰምራለን። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከተጓዘና 40 ኪሎ ሜትር ከቀረው፣ በሁለት ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። በክረምት ግን ይሄ ሒሳብ ብቻውን አያዋጣም። እኛ ጋ ዳመናው ብዙ ጊዜ ከሩቅ አይመጣም፣ እዚሁ ይወለዳል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ እርጥብ አየር ተራራውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ስለዚህ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ «ይዘንባል» ብቻ ብለው አይጽፉም። «ከ8 እስከ 10 ሰዓት የመዝነብ ዕድሉ ሰፊ ነው» ይላሉ። ማታ ደግሞ የሆነውን ከጎኑ ይጽፉበታል።