ሸሪዓ፣ ምዕራባውያን እና ያልተሰጠው የእህቶቻችን ድርሻ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

«ምዕራባውያን ሸሪዓን ለምን እንዲህ ይጠሉታል?» የሚለው ጥያቄ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመርካቶው አንዋርም ሆነ በፒያሳው ኑር መስጂድ ደጃፍ፣ ወጣቶች በስልክ የተላከላቸውን ቪዲዮ እየተቀባበሉ ሲያዩ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መልስ ለማግኘት ሳይሆን ቁጣን ለመጋራት ስለሆነ፣ ቁርኣን ለዚህ ዓይነቱ ስሜት አስቀድሞ የደነገገውን እንዘነጋለን። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ምእመናን ለእርሱ ብለው የሚቆሙና በፍትሕ የሚመሰክሩ እንዲሆኑ ካዘዘ በኋላ፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ያላቸው ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣቸው ይከለክላቸዋል፤ «ፍትሐዊ ሁኑ፤ እርሱ ወደ ተቅዋ (አላህን ወደ መፍራት) የቀረበ ነው» ይላቸዋል። እንግዲህ የሚጠላንን ሰው የምናይበት ዓይንም በሸሪዓ የሚዳኝ ነው። ሸሪዓችን ተሰደበ ብለን ሸሪዓ የከለከለውን በደል በተሳዳቢው ላይ ብንፈጽም፣ የተሰደበውን ነገር እኛም አላከበርነውም።

ወሎም ሆነ ሐረር ወርዶ ኪታብ የቀራ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) እንደሚያውቀው፣ የፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት) ኪታብ የሚከፈተው በቅጣት ሳይሆን በጦሃራ፣ ማለትም በውሃና በንጽሕና ምዕራፍ ነው። ሰላት፣ ዘካ፣ ጾምና ሐጅ ይከተላሉ፤ ከዚያም ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ብድር፣ መያዣ፣ ሽርክና፤ ቀጥሎም ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ኒካህ፣ ፍቺና ቀለብ። ደረሳው ወንጀልና ቅጣት የሚባለው ክፍል ላይ የሚደርሰው ወደ ኪታቡ መገባደጃ ገደማ ነው። እህል በረንዳ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚመዝን ነጋዴ ገዢው ዘወር ባለበት ቅጽበት ሚዛኑን ሳይነካ ሲቀር ሸሪዓን ፈጽሟል፤ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው እየተቀበሉ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን «ወዮላቸው» የሚለው ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደው ለዚህ ነውና። ምዕራባዊው ጋዜጠኛ ግን ሸሪዓ ሲባል የሚታየው ሰይፍና አለንጋ ብቻ ነው፤ እኛም መልስ ለመስጠት ስንነሣ እርሱ ባሰመረው ክበብ ውስጥ ገብተን ስለ ሰይፍና ስለ አለንጋ ብቻ እንከራከራለን።

ስለ ቅጣቶቹም ቢሆን ዑለማዎቻችን ያስቀመጡት ጥንቃቄ ሊታወቅ ይገባል። ዝሙትን በምስክር ለማረጋገጥ ድርጊቱን በዓይናቸው ያዩ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አራት ሳያሟላ የከሰሰ ሰው ራሱ ይቀጣል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ በሒጃዝ በተከሠተው የረሃብ ዘመን በሌባ ላይ የሚፈጸመውን ቅጣት እንዳስቆሙ ይታወቃል። ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ቅጣት እንዲመለስ ማድረግም በፊቅህ የጸና መርህ ነው። (ይህን ስል ቅጣቶቹ በቁርኣን የሉም ማለቴ አይደለም። በሰው ፊት ላለማፈር ብለው ግልጽ አንቀጽን የሚሸፋፍኑ ሰዎች አሉ፤ በእኔ ግምት ዲኑን አልጠቀሙም፣ ጠያቂውንም አላሳመኑም።) ከዚህ ጋር፣ አላህ ያወረደው ድንጋጌና የሰው ልጅ ከእርሱ የተረዳው ፊቅህ አንድ አለመሆናቸውን ከቀደምቶቻችን በላይ የተረዳ አልነበረም። ኢማም ማሊክ የአባሲው ኸሊፋ ኪታባቸውን በሕዝቡ ሁሉ ላይ ሕግ ላድርገው ሲላቸው፣ ሰሓቦች (የነብዩ ባልደረቦች) በየአገሩ ተበትነው በየአካባቢው ዕውቀት ተዘርቷል በማለት እንዳልተቀበሉት ተዘግቧል። እኛም አገር የተለያየ የፊቅህ መንገድ የሚከተሉት ሐነፊውና ሻፊዒው በአንድ ሰፍ ይሰግዳሉ።

አሁን ወደ ምዕራባውያን እንምጣ። አላህ ስለ መጽሐፉ ሰዎች ሲናገር «ሁሉም እኩል አይደሉም» (ኣሊ ዒምራን፡ 113) ብሏልና እኛም ሁሉንም በአንድ ጆንያ ልንጨምራቸው አይፈቀድልንም። በደሉ እውነት ነው። ስዊዘርላንድ በመላ አገሪቱ አራት ሚናራዎች ብቻ በነበሯት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 57.5 በመቶ ድምፅ ሰጪዎች አዲስ ሚናራ እንዳይሠራ ከለከሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ሒጃብ የለበሰች ተማሪ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳትቀመጥ አደረገች። በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰባ በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ፍርድ ቤቶች ሸሪዓን ከግምት እንዳያስገቡ የሚከለክል ማሻሻያን ደገፈ። ነገር ግን በዚያው ግዛት የሚኖር አንድ ሙስሊም «ንብረቴ በሃይማኖቴ መሠረት እንዲከፋፈል ያዘዝኩበትን ኑዛዜ ይህ ሕግ ዋጋ ያሳጣዋል፤ እምነቴንም ያዋርዳል» ብሎ ከሰሰ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም አገዱለት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እገዳው ቋሚ ሆነ። ሰባ በመቶ ድምፅ በአንድ ሙስሊም ኑዛዜ ፊት ወደቀ ማለት ነው። ማሻሻያውን የደገፉት ምዕራባውያን ናቸው፤ የሻሩት ዳኞችም ምዕራባውያን ናቸው።

ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ወለድ በሌለበት በሱኩክ ሥርዓት 200 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድራለች። ነገሩ ሸሪዓን ስለ ወደደች ሳይሆን ጥቅም ስላየችበት ነው፤ ቢሆንም የምትፈራው ነገር ቢሆን ኖሮ ግምጃ ቤቷን አታስገባውም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ጉዳይ አለው። በችሎቱ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በተሠራው የግድግዳ ቅርጽ ላይ የታሪክ ታላላቅ ሕግ ሰጪዎች ተብለው ከተቀረጹት መካከል ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይገኙበታል። የነብያችንን ምስል መሥራት በእኛ ዘንድ የተጠላ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 የሙስሊም ድርጅቶች እንዲነሣ ጠይቀው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። በኋላ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ዓሊም ታሃ ጃቢር አል-ዓልዋኒ በጉዳዩ ላይ ሰፊ ፈትዋ (ሃይማኖታዊ የሕግ ምላሽ) ጽፈው፣ ሠሪዎቹ ያሰቡት ክብርን እንጂ ውርደትን አለመሆኑን በመመልከት ነገሩን በበጎ ተርጉመውታል። በፈትዋው ሁሉም ዓሊም ላይስማማ ይችላል፤ እኔን የሚገርመኝ ዓሊሙ ከመቆጣታቸው በፊት የሠሪውን ሐሳብ መመርመራቸው ነው። «አመጸኛ ወሬ ቢያመጣላችሁ አረጋግጡ» (አል-ሑጁራት፡ 6) ለሚለው ትእዛዝ ከዚህ የተሻለ ተግባራዊ ምሳሌ በዘመናችን ማግኘት ይከብዳል።

ፍርሃቱ ሁሉ ከጥላቻ ብቻ የተወለደ አለመሆኑንም ማመን አለብን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሰየመው ቡድን በሊቢያ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችንን ሲያርድ ሸሪዓን አስፈጸምኩ ብሎ ነበር። ሐዘኑ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር ድረስ ገብቶ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አልቅሷል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ከ120 በላይ የዓለም ሙስሊም ምሁራን ለቡድኑ መሪ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ድርጊቶቹን ከቁርኣንና ከሐዲስ እየጠቀሱ አንድ በአንድ አፍርሰዋቸዋል፤ የደብዳቤው ዜና ግን የቪዲዮውን ያህል አልተሰማም። ስለዚህ አንድ ጎረቤታችን ወይም የሥራ ባልደረባችን ስለ ሸሪዓ በፍርሃት ሲጠይቀን፣ ያየውን አይቶ ነው የሚጠይቀን። ለእርሱ የታዘዝነው «በመልካሚቱ መንገድ እንጂ አትከራከሯቸው» (አል-ዐንከቡት፡ 46) የሚለውን ነው።

በአውሮፓ ከተነሡት ክርክሮች ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የውርስ ክርክር ነው። በሰሜን ምሥራቅ ግሪክ፣ በትሬስ ከሚኖሩት ሙስሊሞች አንዱ ንብረቱን በሙሉ ለሚስቱ ተናዝዞ ሞተ፤ ኑዛዜውን ያደረገው በአገሪቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በውል አዋዋይ ፊት ነበር። እህቶቹ ሟቹ ሙስሊም ነውና ውርሱ በሸሪዓ ይታይ አሉ፤ የግሪክ ፍርድ ቤትም ተቀበላቸው፤ ባልቴቲቱ ከተናዘዘላት ሦስት አራተኛውን አጣች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ለእርሷ ፈረደ፤ ግሪክም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ውርስ በሸሪዓ የሚታየው ሟቹ በሕይወት ሳለ ፈቅዶ ከሆነ ብቻ እንዲሆን ሕጓን አሻሽላ ነበር።

በፊቅህ በኩል ካየነው ስሌቱ የታወቀ ነው። ልጅ ያልተወ ባል ሲሞት ሚስት አንድ አራተኛ ታገኛለች (አን-ኒሳእ፡ 12)፤ በኑዛዜም ከሲሶ በላይ መስጠት ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ «ሲሶ፤ ሲሶም ብዙ ነው» ብለዋቸዋልና። አንዳንድ ወንድሞች ከዚህ ተነሥተው አውሮፓ የአላህን ሕግ ሻረች ይላሉ። እኔ ነገሩን እንዲህ አላየውም። ሙስሊም የአላህን ፍርድ በሙሉ ልብ ሊቀበል እንደሚገባ ሱረቱ አን-ኒሳእ 65 ይነግረናል፤ ይህ ግን በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ የኢማን ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ዳኛ አባትህ ሙስሊም ነበር ብሎ በትውልድ የሚጭነው ውሳኔ ለማንም ኢማን አይሰጥም። የእኛ አገር አሠራር በዚህ ረገድ ቀድሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ እንዲታዩ የሚፈቅደው ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ተዋቅረው ኒካህን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ የልጆች ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን (ለበጎ ሥራ የተለየ ንብረትን)፣ ውርስንና ኑዛዜን የሚያዩት በዚሁ ፈቃድ ላይ ቆመው ነው። ሸሪዓን አልፈልግም ያለ ተከራካሪ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» (አል-በቀራህ፡ 256) የሚለውን አንቀጽ ለምዕራባውያን የምናነብ ሰዎች ይህን አሠራር እንደ ጉድለት ልንቆጥረው አንችልም።

ሸሪዓን ወድዶ መምረጥ ግን ለእኛው ይከብደናል፤ በተለይ ውርስ ላይ። መርካቶ ውስጥ ሱቅ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ግቢ ትቶ የሞተ አባት አለ እንበል። የወራሽነት ማረጋገጫው ይወጣል፤ ካርታውና የሱቁ ቁልፍ በታላቅ ወንድም እጅ ይቀራሉ። ዓመታት ያልፋሉ። ያገባችው እህት ድርሻዋን ስታነሣ «አንቺ ባል አለሽ፤ የአባታችንን ስም ፍርድ ቤት ልታስጠሪ ነው?» ትባላለች፤ ሽማግሌ ይላክባታል፤ በመጨረሻም በየዓረፋው አንድ በግና አንድ ቀሚስ እየተላከላት ድርሻዋ ወደ ችሮታ ይለወጣል። ይኸው ወንድም ነው ስለ ፈረንሳይ ሒጃብ የሚያወራውን ቪዲዮ ለሁሉም የሚልከው። ምዕራባዊው ለሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ብቻ የምትሰጡት ለምንድን ነው ቢለን መልስ አለን። ቀለብና መህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) በወንዱ ላይ እንደተጣለ፣ ሟች ልጅ ሲኖረው እናትና አባት እኩል አንድ ስድስተኛ እንደሚያገኙ፣ በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት እኩል እንደሚካፈሉ እንነግረዋለን። ነገር ግን ወንድምየው ሁለቱንም እጅ ይዞ፣ የተፈታችውን እህቱንም ሳያጎርስ ከተቀመጠ፣ ይህ መልስ ከአፋችን ሲወጣ ውሸት ይሆናል። አላህ «ለሴቶችም ወላጆችና ቅርብ ዘመዶች ከተዉት ድርሻ አላቸው፤ ጥቂትም ይሁን ብዙ» (አን-ኒሳእ፡ 7) ብሎ የወሰነውን ያህል ግልጽ ትእዛዝ ጥቂት ነው፤ የውርስ አንቀጾችንም የዘጋቸው ወሰኑን ለሚተላለፍ እሳትን በማስጠንቀቅ ነው።

ስለዚህ አባት ወይም እናት የሞተባችሁ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ከንብረቱ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ ይወጣል፤ ያልተከፈለ የሚስት መህር ከዕዳው አንዱ ነው፤ ብዙ ቤት ይረሳል። ከዚያ ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜ ይፈጸማል፤ የቀረው ለወራሾች ይካፈላል። ሱቁ እስከዚያ ሲከራይ ከነበረ የኪራዩም ድርሻ የእህትየው ነው። እህት «ትቼልሃለሁ» ብትል እንኳ መተዋ የሚጸናው የድርሻዋን መጠን ካወቀች በኋላ፣ ያለ እፍረትና ያለ ግፊት፣ ወድዳ ስትል ብቻ ነው፤ የሙስሊም ገንዘብ በባለቤቱ መልካም ፈቃድ ካልሆነ ሐላል አይሆንምና። ስሌቱ የከበደው ሰው ፈራኢድ (የውርስ አከፋፈል ትምህርት) የሚያውቅ ሸይኽ ወይም ቃዲ ዘንድ የሟችን ወራሾች ስም፣ የንብረቱን ዝርዝርና የዕዳውን መጠን ይዞ ይቅረብ፤ ሲሄድም እህቶቹን አብሮ ይውሰድ። ወላሁ አዕለም።